አውቶክሮስ፦ ለአንድ ደቂቃ ሩጫና ለሳምንት ሙሉ ጉዞ የሚሆን የቸርኬና የፍሬን ምርጫ

ፍጥነት የሚወድ ወጣት የሚወዳደርበት ሥፍራ ካላገኘ የሕዝቡን ጎዳና የውድድር ሜዳ ያደርገዋል። የዚህም ዋጋ ከባድ ነው። በሳዑዲ ዓረቢያ «ተፍሒጥ» በመባል የሚታወቀው፣ መኪናን በጎዳና ላይ ሆን ብሎ እያንሸራተቱ የመንዳት ልማድ የብዙ ወጣቶችን ሕይወት ቀጥፏል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተሻሻለው የትራፊክ ሕግ ድርጊቱን ለመጀመሪያ ጊዜ የፈጸመ ሰው 20 ሺህ ሪያል እንዲቀጣና መኪናው ለ15 ቀናት እንዲያዝ፣ ለሁለተኛ ጊዜ የፈጸመ 40 ሺህ ሪያል፣ ለሦስተኛ ጊዜ የፈጸመ ደግሞ 60 ሺህ ሪያል እንዲቀጣ ደንግጓል። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችም የራሱን ወይም የሌላውን ሕይወት አደጋ ላይ በሚጥል አኳኋን ያሽከረከረ ሰው 2 ሺህ ድርሃም ይቀጣል፤ 23 ጥቁር ነጥብ ይመዘገብበታል፤ መኪናውም ለ60 ቀናት ይያዛል።

ቅጣት አጥፊውን ይገታል እንጂ የፍጥነት ፍቅርን አያጠፋም። ፍቅሩን ወደ ደኅና ሥፍራ መምራት ግን ይቻላል። በዓለም ላይ ለዚህ ከተገኙት መፍትሔዎች መካከል በወጪው አነስተኛ፣ በአደጋው ዝቅተኛ፣ በትምህርቱም ከፍተኛ የሆነው አውቶክሮስ ነው። ይህ ጽሑፍ የውድድሩን ምንነት ካስረዳ በኋላ ጀማሪዎችን ከሁሉ በላይ በሚያሳስተው ጉዳይ፣ ማለትም በቸርኬና በፍሬን ምርጫ ላይ ያተኩራል።

የውድድሩ ምንነት

አውቶክሮስ በሰፊ የአስፋልት ሜዳ ላይ፣ ለምሳሌ በባዶ የመኪና ማቆሚያ ወይም አገልግሎት በማይሰጥ የአውሮፕላን ማረፊያ ላይ፣ በፕላስቲክ ኮኖች በተከለለ ጠመዝማዛ መስመር የሚካሄድ ውድድር ነው። መኪኖች ጎን ለጎን አይሮጡም፤ እያንዳንዱ ተወዳዳሪ በተራው ብቻውን ገብቶ ከሰዓት ጋር ይሽቀዳደማል። አንድ ሩጫ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ደቂቃ አይርቅም። መስመሩ መታጠፊያ የበዛበት በመሆኑ አብዛኛው ሩጫ በሁለተኛ ማርሽ ያልቃል፤ ፍጥነቱም በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር የሚያልፈው አልፎ አልፎ ነው። የተሳሳተ ሰው የሚገጨው ግድግዳ ወይም ሌላ መኪና የለም፤ የሚጥለው ኮን ብቻ ነው።

ውድድሩ ሥርዓት ይዞ ከተስፋፋባቸው አገሮች አሜሪካ ቀዳሚዋ ናት። እ.ኤ.አ. በ1944 የተመሠረተው የአሜሪካ የስፖርት መኪና ክለብ ውድድሩን «ሶሎ» በሚል ስም ያካሂዳል። አገር አቀፍ ሻምፒዮናው የተጀመረው በ1973 ሲሆን፣ ከ2009 ጀምሮ በኔብራስካ ግዛት በሊንከን ከተማ በሚገኝ የቀድሞ የአየር ኃይል ማረፊያ አስፋልት ላይ ሲካሄድ ቆይቷል። በክለቡ ደንብ ኮን የጣለ ሰው በእያንዳንዱ ኮን 2 ሰከንድ ይጨመርበታል፤ በር ስቶ ያለፈ ሰው ደግሞ የዚያ ሩጫ ውጤቱ አይያዝለትም። አሸናፊና ተሸናፊ ብዙ ጊዜ የሚለያዩት በሰከንድ ክፍልፋይ ስለሆነ 2 ሰከንድ ማለት ሙሉ ቀኑን ማጣት ሊሆን ይችላል።

በስሙ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአውሮፓ አውቶክሮስ ሲባል ብዙ ጊዜ በአፈር ሜዳ ላይ በርካታ መኪኖች በአንድነት የሚሽቀዳደሙበት ሌላ ዓይነት ውድድር ነው። በኮን መካከል የሚደረገውን አውሮፓውያን «ስላሎም»፣ ጃፓናውያን «ጂምካና» ይሉታል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሞተር ስፖርት ጉዳይ የሚተዳደረው በየአገሩ ፌዴሬሽን ነውና፣ ለመሳተፍ የሚሻ ሰው የውድድሩን ዓይነትና ደንብ በቅድሚያ ከዚያው መጠየቅ ይገባዋል። ወቅቱም እንደ አየሩ ነው፤ በበጋ የአስፋልቱ ሙቀት ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊበልጥ ስለሚችል፣ የሞተር ስፖርት ወቅት በአካባቢው በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት ይወሰናል።

ያቺው መኪና ነገ ወደ ሥራ ትሄዳለች

የአውቶክሮስ ልዩ ጠባይ ተወዳዳሪው ወደ ሜዳ የመጣባት መኪና ለውድድሩም ለቤቱም የምታገለግል መሆኗ ነው። ዓርብ የተወዳደረባት መኪና ቅዳሜ ልጆቹን ትምህርት ቤት ታደርሳለች፤ እሑድ ወደ ሥራ ትወስደዋለች። ስለዚህ በቸርኬና በፍሬን ላይ የሚደረገው ምርጫ ለአንድ ደቂቃ ሩጫ ብቻ የሚደረግ አይደለም። ልጅ ድንገት መንገድ ቢያቋርጥ መኪናዋ የምትቆመው በዚያው ፍሬን ነው። ተወዳዳሪው ስለ እያንዳንዱ ዕቃ ሁለት ጥያቄ ሊያነሣ ይገባል፦ በሜዳው ሰዓት ይቀንስልኛልን? በመንገድስ ላይ ደኅንነቴን ይጠብቅልኛልን? ከሁለቱ ለአንዱ እንኳ «አይሆንም» የሚል መልስ ያገኘ ዕቃ ሊገዛ አይገባውም።

ብዙ ጀማሪዎች ግን ከዓይን ይጀምራሉ። በጎዳናው ላይ የሚያዩት ያማረ መኪና ባለ18 ወይም ባለ19 ኢንች ቸርኬ፣ ከቸርኬውም ሥር ቀይ ቀለም የተቀባ ትልቅ የፍሬን ካሊፐር ያለው ስለሆነ፣ ፈጣን መኪና ማለት ይህ ይመስላቸዋል። በአውቶክሮስ ሜዳ ላይ እውነቱ በአብዛኛው የተገላቢጦሽ ነው።

መጀመሪያ ጎማ፣ ቀጥሎ ቸርኬ

መኪናን ከመሬት ጋር የሚያገናኙት አራት ጎማዎች ብቻ ናቸው፤ እያንዳንዱም መሬት የሚነካው ከእጅ መዳፍ ብዙም በማይሰፋ ቦታ ነው። ሞተሩ የሚገፋው፣ መሪው የሚያዞረው፣ ፍሬኑም የሚያቆመው ሁሉ በዚያች ቦታ ያልፋል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የምትጓዝ መኪና ጎማዋ በሚገባ ከያዘ በ14 ሜትር ገደማ ልትቆም ትችላለች፤ የጎማው የመያዝ አቅም በአምስት አንድ እጅ ቢያንስ ግን ወደ 18 ሜትር ይደርሳል። በመካከል ያለው ርቀት አንዲት ትንሽ መኪና የምትረዝመውን ያህል ነው። ይህን ልዩነት የሚያመጣው ጎማው ነው፤ ፍሬኑ በሁለቱም ጊዜ ያው ነው።

የጎማውን ጠባይ ለማወቅ ከጎኑ የተጻፈውን «ትሬድዌር» የተባለ ቁጥር መመልከት ይጠቅማል። ቁጥሩ ከፍ ሲል ጎማው ቶሎ የማያልቅ፣ ዝቅ ሲል ደግሞ ለስላሳና መሬት የሚይዝ የመሆን ዝንባሌ አለው። የአሜሪካው ክለብ ለመደበኛ የመንገድ መኪኖች በመደበው ክፍል ውስጥ ከ200 በታች ቁጥር ያለው ጎማ አይፈቀድም። የብሪጅስቶን ፖቴንዛ አርኢ-71አርኤስ እና የዮኮሃማ አድቫን ኤ052 በዚህ ወሰን ላይ ከተሠሩትና በተወዳዳሪዎች ዘንድ ከታወቁት መካከል ናቸው። እንዲህ ያለ ለስላሳ ጎማ ግን በሙቀት ቶሎ ይደክማል፤ ስለዚህ በሞቃት ቀን ተወዳዳሪዎች በሩጫና በሩጫ መካከል በጎማው ላይ ውኃ ሲረጩ ይታያል። ለመጀመሪያ ዓመት ተወዳዳሪ ጥሩ የመንገድ ጎማ ይበቃዋል፤ ሲንሸራተት አስቀድሞ ድምፅ ስለሚሰጥ ለትምህርትም ይመቻል።

የጎማ ንፋስም በባሕረ ሰላጤው ልዩ ትኩረት ይሻል። የጎማው ሙቀት በ5 ዲግሪ ተኩል ገደማ ሲጨምር ንፋሱ በ1 ፒኤስአይ ያህል ከፍ ይላል። ማለዳ በ20 ዲግሪ የተሞላ ጎማ በሩጫ ብዛት 45 ዲግሪ ቢደርስ ከ4 ፒኤስአይ በላይ ይጨምራል። ስለዚህ ንፋሱን በየሩጫው መለካትና መመዝገብ፣ ወደ ቤት ሲመለሱም በፋብሪካው ወደታዘዘው ልክ መመለስ ያስፈልጋል።

ቸርኬ የሚመረጠው ጎማው ከታወቀ በኋላ ነው። በአውቶክሮስ የሚፈለገው ቸርኬ ትንሽ፣ ቀላልና ሰፊ ነው። የማዝዳ ኤምኤክስ-5ን ምሳሌ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣችው ይህች ትንሽ መኪና በአማተር ውድድር ሜዳዎች ላይ ከሁሉ ይልቅ ከሚታዩት አንዷ ናት። ደንቡ በሚፈቅድባቸው ክፍሎች ባለቤቶቿ ብዙ ጊዜ የሚመርጡት ዲያሜትሩ 15 ኢንች፣ ስፋቱ 8 ወይም 9 ኢንች የሆነ ቸርኬ ሲሆን፣ በላዩም 225/45 አር15 ጎማ ያስሩበታል። ባለ17 ወይም ባለ18 ኢንች ቸርኬ ለመግዛት ገንዘብ ያጡ ሰዎች አይደሉም፤ ምክንያታቸው ስሌት ነው።

የመጀመሪያው ምክንያት ክብደት ነው። ለውድድር የተሠራ ቀላል ባለ15 ኢንች ቸርኬ ከ6 ኪሎ ግራም ላይበልጥ ይችላል፤ ተራ ባለ17 ኢንች ቸርኬ ግን 9 ወይም 10 ኪሎ ግራም ሊመዝን ይችላል። ቸርኬ ከመኪናው ጋር ወደ ፊት ከመጓዙም በላይ ስለሚሽከረከር፣ ለማፋጠንና ለማቆም ሲታይ በጠርዙ ያለው ክብደት እስከ እጥፍ ሊቆጠር ይችላል። ከሞላው በታች ያለ ክብደት ሲቀንስም ጎማው ወጣ ገባውን አስፋልት ሳይለቅ መከተል ይቀለዋል።

ሁለተኛው ምክንያት የጎማው ቁመት ነው። 225/45 አር15 የሆነ ጎማ ቁመቱ 583 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ 205/45 አር17 የሆነው 616 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ጎማው ሲረዝም ሞተሩ በእያንዳንዱ ማርሽ የሚገፋው ኃይል በዚያው መጠን ይደክማል፤ በዚህ ምሳሌ ልዩነቱ ከመቶ 5 እጅ ይበልጣል። ከእያንዳንዱ መታጠፊያ ለመውጣት በሁለተኛ ማርሽ ለሚታገል ሰው ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም።

ከመግዛት በፊት የውድድሩን ደንብ ማንበብ ግድ ነው። በአሜሪካው ክለብ የመደበኛ መኪኖች ክፍል የቸርኬው ስፋት ከፋብሪካው እንዳይለወጥ፣ ዲያሜትሩ ግን በ1 ኢንች ከፍ ወይም ዝቅ ማለት እንዲችል ተፈቅዷል። ሰፊ ቸርኬ የገዛ ሰው ሳያውቀው ከእርሱ ይልቅ በብዙ ከተሻሻሉ መኪኖች ጋር ሊመደብ ይችላል።

ልኩን ያልጠበቀ ቸርኬ

ቸርኬ ሲገዛ የሚታዩት ልኮች አራት ናቸው፦ የዳዶዎቹ ብዛትና ርቀት፣ የመካከለኛው ቀዳዳ ስፋት፣ የቸርኬው ስፋትና «ኦፍሴት» የሚባለው፣ ቸርኬው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚቀመጥበት ልክ። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች በብዛት የምትታየው ቶዮታ ቪትዝና የ1990ዎቹ ኮሮላ በአብዛኛው ባለ4 ዳዶ ናቸው፤ ዳዶዎቹ 100 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ባለው ክብ ላይ ይቀመጣሉ፤ የመካከለኛው ቀዳዳም 54.1 ሚሊ ሜትር ነው። እነዚህ ልኮች ከመጀመሪያዋ ኤምኤክስ-5 ጋር አንድ ናቸው። ይሁን እንጂ ዳዶው ስለገጠመ ብቻ ቸርኬው ይሆናል ማለት አይደለም። ኦፍሴቱ ካልተስማማ ጎማው በመታጠፊያ ላይ የመኪናውን አካል ይፈትጋል፤ ወይም ከልክ በላይ ወደ ውጭ ወጥቶ በኩሽኔታው ላይ ጫና ይጨምራል።

የዳዶው መቀመጫ ብዙዎች የሚዘነጉት ጉዳይ ነው። ብዙዎቹ የቶዮታ ፋብሪካ አሎይ ቸርኬዎች የሚታሰሩት ጠፍጣፋ መቀመጫ ባለው ዳዶ ነው፤ ከገበያ የሚገዙት አብዛኞቹ ቸርኬዎች ግን ሾጣጣ መቀመጫ ያለው ዳዶ ይፈልጋሉ። በአሮጌው ዳዶ አዲሱን ቸርኬ ያሰረ ሰው ዳዶው የጠበቀ ቢመስለውም በሙሉ አካሉ አልተቀመጠምና በጉዞ ላይ ሊላላ ይችላል። የማጥበቂያው ኃይልም በግምት አይሆንም፤ ለብዙዎቹ ትናንሽ ቶዮታዎች ፋብሪካው ያዘዘው 103 ኒውተን ሜትር ነው። ይህንም ኃይሉን በሚለካ ቁልፍ ማጥበቅ፣ ከመጀመሪያው ሩጫ በኋላም እንደገና መፈተሽ ያስፈልጋል።

የቸርኬው ጥራት ደግሞ የሕይወት ጉዳይ ነው። በጃፓን ደረጃ የተሠራ ቸርኬ «ጄደብልዩኤል»፣ በገለልተኛ አካል የተፈተነ ደግሞ «ቪአይኤ» የሚል ምልክት ይቀረጽበታል። ከዕውቅ ቸርኬ ተመስሎ የተሠራ ርካሽ ቅጂ መልኩ ቢመሳሰልም በተደጋጋሚ ጫና ሊሰነጠቅ ይችላል። ያገለገለ ቸርኬ የሚገዛ ሰው ጎማውን አስፈትቶ ውስጡን በብርሃን ይመርምር፤ የተበየደ ወይም የተቀጠቀጠ ሆኖ ካገኘው ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ይተወው።

ትልቅ ፍሬን ያስፈልጋልን?

ፍሬን የሚሠራው የመኪናውን እንቅስቃሴ ወደ ሙቀት በመለወጥ ነው። 1 ሺህ ኪሎ ግራም የምትመዝን መኪና በሰዓት ከ60 ወደ 30 ኪሎ ሜትር ስትወርድ 104 ኪሎ ጁል ያህል ጉልበት ወደ ሙቀት ይለወጣል። ከዚህ ከመቶ 70 እጁ በፊት ፍሬኖች ላይ ቢያርፍና ሁለቱ የፊት ዲስኮች በድምሩ 10 ኪሎ ግራም ቢመዝኑ፣ የዲስኮቹ ሙቀት በአንድ ፍሬን አያያዝ የሚጨምረው 16 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ያችው መኪና በትልቅ የውድድር ሜዳ ላይ ከ200 ወደ 80 ብትወርድ ግን ጉልበቱ ከ12 እጥፍ በላይ ሆኖ የዲስኮቹ ሙቀት በአንድ ጊዜ ወደ 200 ዲግሪ ይጨምራል።

ትልቅ ዲስክና ትልቅ ካሊፐር የተሠሩት ይህን ሁለተኛውን ሙቀት ለመሸከም ነው። ሩጫው በአንድ ደቂቃ የሚያልቅበትና መኪናው በሩጫ መካከል ቆሞ በሚበርድበት አውቶክሮስ ግን ደኅና ሆኖ የተያዘ የፋብሪካ ፍሬን በአብዛኛው ይበቃል። የፋብሪካው ፍሬን ጎማውን እስከ መያዝ አቅሙ ጫፍ ማድረስ ከቻለ፣ ከዚያ የበለጠ ኃይል መኪናዋን አያቆማትም፤ ጎማውን ያንሸራትታል ወይም ኤቢኤሱን ያስነሣል እንጂ።

ትልቅ ፍሬን ከአለመጥቀሙም አልፎ የሚጎዳበት ሰንሰለት አለ። ዲስኩ ሲተልቅ ባለ15 ኢንች ቸርኬ ስለማያልፈው ባለ17 መግዛት ግድ ይሆናል፤ ቸርኬው ሲተልቅ ክብደቱ ይጨምራል፤ ጎማው ይረዝማል፤ ዋጋውም ይወደዳል። የፊቱ ፍሬን ብቻ ሲጠነክርም በፊትና በኋላ መካከል የነበረው ሚዛን ይፋለሳል፤ የኋላው ታምቡር በሆነባት መኪና ላይ ይህ ጎልቶ ይታያል። በመጨረሻም ባለቤቱ ብዙ ሺህ ድርሃም አውጥቶ ከቀድሞው የዘገየች መኪና ይዞ ይመለሳል።

ሸራና የፍሬን ዘይት

በፍሬን ላይ ገንዘብ ማውጣት የሚገባው በሸራውና በዘይቱ ላይ ነው። በሸራው ጠርዝ ላይ ከሚታተመው ኮድ መጨረሻ ሁለት የላቲን ፊደላት ይገኛሉ፤ የመጀመሪያው ሸራው በዝቅተኛ ሙቀት፣ ሁለተኛው በከፍተኛ ሙቀት ያለውን የመያዝ መጠን ያመለክታል። «ኢ» ከ0.25 እስከ 0.35፣ «ኤፍ» ከ0.35 እስከ 0.45፣ «ጂ» ከ0.45 እስከ 0.55 ነው። ለአውቶክሮስና ለመንገድ የሚሆነው ገና በብርዱ የሚይዝ ሸራ ነው፤ ሁለቱም ፊደላት «ኤፍ» የሆኑበት ጥሩ የመንገድ ሸራ ለብዙዎች ይበቃል።

ከዚህ በተቃራኒ ለትልቅ የውድድር ሜዳ የተሠሩ አንዳንድ ሸራዎች በሚገባ የሚይዙት ሙቀታቸው ከ150 ወይም ከ200 ዲግሪ ካለፈ በኋላ ነው። በአውቶክሮስ ሜዳ ወደዚያ ሙቀት መድረስ አስቸጋሪ ነው፤ ጠዋት ከቤት ሲወጡ ደግሞ ጨርሶ አይደረስም። ስሙ «የውድድር» ስለሆነ ብቻ እንዲህ ያለውን ሸራ በቤት መኪናው ላይ ያሰረ ሰው በመጀመሪያው የእግረኛ ማቋረጫ ላይ የፍሬኑ ኃይል ሊያንሰው ይችላል። በዚህ ስፖርት ከሚፈጸሙት ስሕተቶች ሁሉ ለሌላው ሰው ሕይወት አስጊው ይህ ነው።

አዲስ ሸራ ከታሰረ በኋላ ከዲስኩ ጋር መለማመድ አለበት። ባዶና ደኅና በሆነ ሥፍራ ፍጥነትን ደጋግሞ ጠንከር ባለ ፍሬን ማውረድ፣ ነገር ግን ሸራው እንደጋለ ሙሉ በሙሉ አለመቆም፣ ከዚያም ፍሬን ሳይዙ እየነዱ ማብረድ ይገባል። ፍሬኑ ግሎ ሳለ የእጅ ፍሬን መሳብ አይመከርም።

የፍሬን ዘይት ከአየር ውኃ የመምጠጥ ባሕርይ አለው። ዶት 4 የተባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውኃ ከመጠጠ በኋላ ግን ደረጃው የሚጠይቀው 155 ዲግሪ ብቻ ነው። ዶት 5.1 የተባለው ደግሞ 260 እና 180 ዲግሪ ነው። ዘይቱ ሲፈላ በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠርና ፔዳሉ ወደ ወለል ይሰምጣል። እንደ ጅዳ፣ ዱባይና ዶሃ ባሉ እርጥበት የበዛባቸው የባሕር ዳር ከተሞች የሚኖር ተወዳዳሪ ዘይቱን ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ አስለውጦ አየሩን ማስወጣት ይበጀዋል። ስሙ የሚቀራረበው ዶት 5 ግን ከሲሊኮን የተሠራ ሌላ ዘይት ስለሆነ ከእነዚህ ጋር አይቀላቀልም።

ገንዘቡ በየት ቅደም ተከተል ይውጣ?

ከደመወዙ ቆጥቦ፣ ለቤተሰብም ልኮ የሚተርፈውን ለዚህ ስፖርት የሚያውል ሰው ቅደም ተከተሉን ማወቅ አለበት። መጀመሪያ ደረጃውን የጠበቀ የራስ ቁር ይግዛ። ቀጥሎ መኪናው ያለችበትን ሁኔታ ያስፈትሽ፤ የላላ ኩሽኔታ ወይም ያለቀ ሸራ ይዞ መወዳደር አይቻልም። ሦስተኛ አዲስ የፍሬን ዘይትና ጥሩ የመንገድ ሸራ፣ አራተኛ ጥሩ ጎማ፣ አምስተኛ ደንቡ በሚፈቅደው ልክ ቀላል ቸርኬ ይከተላሉ። ትልቅ የፍሬን ስብስብ በዚህ ዝርዝር ውስጥ ቦታ የለውም። የውድድሩ መመዝገቢያ ግን ሁልጊዜ ቦታ አለው፤ በአዲስ ዕቃ ከሚገኘው ሰከንድ ይልቅ በተደጋጋሚ ሩጫ የሚገኘው ይበልጣልና።

ይህ ምክር ለተወዳዳሪዎች ብቻ አይደለም። ወደ ኢትዮጵያ ከሚገባው ያገለገለ መኪናና መለዋወጫ ብዙው በዱባይና በሻርጃ ገበያዎች ያልፋል። ለወንድሙ ወይም ለዘመዱ ቸርኬና ሸራ ገዝቶ የሚልክ ሰው ልኩን፣ የጥራት ምልክቱንና የሸራውን ፊደላት መርምሮ ቢገዛ፣ በአዲስ አበባ ዳገትና ቁልቁለት ላይ የሚነዳውን ሰው ሕይወት እየጠበቀ ነው። ሐሰተኛ ሸራ በማሸጊያው ካልታወቀ በዋጋው ይጠረጠራል፤ ከታወቀ ነጋዴ በደረሰኝ መግዛት ከሁሉ የተሻለው መከላከያ ነው።

በውድድሩ ቀን ማለዳ ተቆጣጣሪው እያንዳንዱን መኪና ይመረምራል። ቸርኬውን በሁለት እጁ ይዞ ይነቀንቃል፤ ዳዶዎቹን ይቆጥራል፤ የጎማውን ገላ ያያል፤ የፍሬኑን ፔዳል ይጫናል። ስለ ቸርኬው ውበትም ሆነ ስለ ካሊፐሩ ቀለም አይጠይቅም። ምርመራው ጥቂት ደቂቃ የሚፈጅ ነው፤ ማንኛውም ባለ መኪና፣ ተወዳዳሪ ሆነም አልሆነ፣ ረጅም መንገድ ከመጀመሩ በፊት በገዛ እጁ ሊያደርገው ይችላል።